የማክሰኞ ሴት አይደለሁም

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። አንድ ወንድ አንዲትን ሴት አገር ምድሩን ይዟት ከዞረ፣ ኮረብታ አብሯት ከወጣ፣ አበባ አብሯት ካሸተተ፣ ሰው ፊት ሲደርስ ደግሞ «እኔ ከየት አውቃታለሁ?» ካለ፣ ይሄ ሰው ምን ይባላል? ስም እናንተ አውጡለት። እኔ ያወጣሁለት ሁሉ መጽሔት ላይ የሚታተም አይደለም።

ሥራዬ ጀልባ መቅዘፍ ነው። ከትልቁ ከተማ ወጣ ሲሉ የእኛ ወረዳ ይጀምራል። ግቢ ያላቸው ቤቶች፣ ዛፍ የተተከለባቸው መንገዶች፣ በእረፍት ቀን ደግሞ ከከተማ የሚጎርፍ መኪና ነው። የመጣው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እኛ ሐይቅ ዳር ነው። ወፎቹ እንዳይበረግጉ ሞተር ክልክል ስለሆነ ሞተሩ እኛ ነን። አባቴ እዚሁ ሲቀዝፍ ኖሮ ወገቡ እምቢ ሲለው መቅዘፊያውን ለእኔ አስረከበኝ። «ሴት ልጅ ደግሞ!» ያሉ ነበሩ። ብለው ብለው ሲደክማቸው ተዉት።

ስለ ቅዘፋ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኋላ እንዳትደናገሩ። ቀዛፊ ጀርባውን ለሚሄድበት ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ኋላ መቀመጫው አዙሮ ነው የሚቀመጠው። እዚያ ከተቀመጠው ተሳፋሪ ጋር ጉልበት ለጉልበት ልትነካኩ ምንም አይቀራችሁ። ቢስቅ ታያላችሁ፣ ቢያለቅስ ታያላችሁ። ባልና ሚስት ተኮራርፈው ከመጡ ደግሞ አለቀላችሁ፣ ዓይናችሁን የምታሳርፉበት ቦታ የላችሁም።

እሱን ያገኘሁት በጥርስ ሕመም ነው። መንጋጋዬ አብጦ፣ ፊቴ የሌላ ሰው መስሎ ክሊኒክ ስገባ ነጭ ጋውን የለበሰ ረጅም ሰው «አፍሽን ክፈቺ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልዘጋሁትም። ስናወራ፣ ስንሳሳቅ፣ ቀጠሮ ስንይዝ ጥርሱ ተረሳ። በኋላ ሲነቅልልኝ ከእኔ ይልቅ እሱ ነበር ያዘነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ «ጥርሴ» አልኩት፣ እሱ ደግሞ «ካፒቴን» አለኝ። ክሊኒኩ የእናቱ መሆኑን፣ ሕንፃውም የእናቱ መሆኑን፣ አባቱ ከሞቱ ወዲህ እኚህ ሴትዮ ሕንፃውንም ልጃቸውንም በአንድ እጅ ይዘው የሚያስተዳድሩ መሆናቸውን የሰማሁት ልቤ ከሄደ በኋላ ነው።

የእኔ የእረፍት ቀን ማክሰኞ ነው። ሰው ሲያርፍ እንሠራለን፣ ሰው ሲሠራ እናርፋለን። ይሄን ስነግረው «በቃ፣ እኔም ማክሰኞ ማክሰኞ አርፋለሁ» አለኝ። አቤት ደስታዬ! ሐኪም የሚያህል ሰው ለእኔ ብሎ ቀኑን አዛወረ ብዬ እግሬ መሬት አልነካ አለ።

እንግዲህ የወረዳችንን መዝናኛ እንደ እኔ ያየ ካለ ይቅረብ። የኮረብታውን ማማ ጠይቁኝ። የእንጨት ደረጃው እንዴት እንደሚንቋቋ፣ ላይ ሲደርሱ ነፋሱ ቀሚስ እንዴት እንደሚገልብ፣ ሐይቃችን ከዚያ ሲታይ ስኒ እንደምታክል እነግራችኋለሁ። የአበባውን ቦታ ጠይቁኝ። የመስታወቱ ቤት ውስጥ ሲገባ መነጽሩ በእንፋሎት ይሸፈንበትና እጄን ይዞ ይከተለኛል። «መነጽርህን ጥረገው እንጂ» ስለው «ለምን ብዬ?» ይላል። የልጆቹ ትንሽ ባቡር ላይ ሳይቀር ጉልበታችን አገጫችን ደርሶ ዞረናል፤ ነጂው «ለሁለት ትልልቅ ሰው አላንቀሳቅስም» ብሎ ሲያበቃ አንጀቱ ራርቶልን። የወፎቹ ግቢ ውስጥ ደግሞ አንድ ሽመላ አለ፤ ገና እሱን ሲያይ ክንፉን ዘርግቶ ይመጣበታል። ምን እንዳደረገው እንጃ። አሁን ሳስበው ያ ወፍ ከእኔ የተሻለ ሰው ያውቅ ነበር።

ሐይቁም አልቀረን። ማክሰኞ ጀልባዎቹ አይሠሩም። የመሳፈሪያው ኃላፊ ጋሽ ፊሽካ ግን (ስማቸው ሌላ ነው፣ ፊሽካ ከአንገታቸው አይወርድም) «እኔ አላየሁም» ብለው ፊታቸውን ያዞሩልኛል። ውሃው ላይ ያለውን ነገር ያስተማርኩት ያኔ ነው። ከትንሿ ደሴት ጀርባ ነፋስ ከጎን ይመታል። ሁለት ቀዛፊዎች አብረን ስንወጣ፣ እጃችን ስለሚያዝ፣ አንዳችን ተረከዛችንን ወለሉ ላይ ሁለቴ እንመታለን። ያኔ ሌላው ወደ ነፋሱ በኩል ጠጋ ይላል፣ ጀልባዋም ትረጋለች። ለተሳፋሪ በአፍ ነው የምንነግረው። የተረከዙ ነገር የእኛ የቀዛፊዎቹ ብቻ ነው። ለእሱ አስተማርኩት። ሲገባው እንዴት ደስ እንዳለው! እንደ ልጅ «አሁንስ? አሁንስ?» እያለ እግር እግሬን ያይ ነበር።

ማክሰኞ ደግሞ እነዚህ ቦታዎች ሁሉ ባዶ ናቸው። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ነበር የሚያወርደው። የድሮው ወፍጮ ቤት ሻይ ስንጠጣ ጀርባውን ለመንገዱ ነበር የሚሰጠው። ዓይናፋር ነው አልኩ። ጭራሽ «ዓይናፋር ወንድ ደስ ይለኛል» እያልኩ ለእህቴ አወራሁ። ሞኝ አትበሉኝ፣ ራሴ ብያለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ማማው ላይ ሆነን ፊት ለፊት ጠየቅኩት።

«እናትህ ያውቁኛል?»

መቅዘፊያ ያሻከረውን መዳፌን ገልብጦ ሳመው።

«እሁድ እነግራታለሁ» አለኝ።

«የምርህን ነው?»

«ካፒቴን፣ እሁድ አልኩሽ እኮ!»

ሰርግ አላልኩት፣ ቤት አላልኩት። እናቱ ፊት ቆሞ «አውቃታለሁ፣ የእኔ ናት» እንዲል ብቻ ነው የፈለግኩት። ይሄ ብዙ ነው? በፈጠራችሁ፣ ይሄ ብዙ ነው?

* * *

እሁድ ሐይቁ ዳር መርፌ ቢወረወር መሬት አይወርድም ነበር። ሰልፉ እስከ ዋናው በር ደርሷል። ተራዬ ሲደርስ ጋሽ ፊሽካ ነፉና «ሦስት ሰው!» አሉኝ። ቀና ስል እሱ ነው። ከጎኑ ጥቁር መነጽር ያደረጉ፣ ቀጥ ያሉ ሴትዮ ቆመዋል። አገጫቸው ቁርጥ የእሱ ነው፤ እናቱ መሆናቸውን ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም። ሦስተኛዋ ከእኔ ጋር እኩያ የምትሆን ሴት ናት። ትንሽ ወደ ኋላ ቀርታ ጫማዋን ታያለች።

ልቤ ከቦታው ዘለለ። እናቱን ይዞልኝ መጣ! ሊነግራቸው ብቻ አይደለም፣ ሊያስተዋውቀኝ ነው እኮ! እኔ ደግሞ በዚህ አሮጌ ሹራብ! ፀጉሬን በእርጥብ እጄ ወደ ኋላ መለስ አደረግኩ፣ ሹራቤን ሳብ ሳብ አደረግኩ፣ ፊቴ በሙሉ ሳቅ ሆነ። «እንኳን ደህና መጡ እትዬ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

አየኝ። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ከዚያ ዓይኑን ወደ ጀልባዋ አወረደና፣

«እህቴ፣ ጀልባዋ ሦስት ሰው ትችላለች?» አለኝ።

እህቴ! 

ክው አልኩ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ጠበቅኩት። ፊቱ ላይ ላብ እንጂ ቀልድ አልነበረም። አሁን ይስቃል፣ አሁን «እማዬ፣ ይቺ ናት» ይላል እያልኩ ገመዱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ጋሽ ፊሽካም ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሱ አዩና ፊሽካቸውን ከአፋቸው አወጡ።

«ትችላለች፣ ጌታዬ» አልኩት። ድምፄ ከየት እንደወጣ እንጃ።

እናቱ ቦታ አከፋፈሉ። «እናንተ ልጆቹ ከኋላ አብራችሁ ተቀመጡ፣ እኔ እዚህ ከፊት ሆኜ ሁለታችሁንም ልያችሁ» አሉ። እንግዳዋ ለምን እንደመጣች የገባኝ ያኔ ነው። እሱና እንግዳዋ ከፊቴ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እናቱ ከጀርባዬ። እኔ መሃል፣ ሁለት መቅዘፊያ ይዤ፣ ጉልበቴ ከጉልበቱ ሊነካካ ምንም ሳይቀረው።

ትንሽ እንደሄድን የእናቱ ድምፅ ከኋላዬ ጀመረ። «ሴት ልጅ ለዚህ ሥራ! ወላጅ የላትም እንዴ?» ይላሉ። ለእኔ አይደለም፣ ስለ እኔ ነው። መቅዘፊያው ጆሮ እንደሌለው ሁሉ እኔም የሌለኝ መሰላቸው መሰለኝ። እንግዳዋ ቀላ ብላ «እትዬ፣ ትሰማለች እኮ» አለች በሹክሹክታ። እሱ? እሱ ውሃ ያያል። ውሃው ላይ ምን እንዳለ እኔ አውቃለሁ፤ ምንም የለም።

«ልጄኮ ሥራ ብቻ ነው» ቀጠሉ እናቱ። «ለራሱ ጊዜ የለውም። ማክሰኞ ማክሰኞ እንኳን አርፎ አይቀመጥም፤ ገጠር ወጥቶ ድሃ በነፃ ሲያክም ነው የሚውለው።»

መቅዘፊያው ከእጄ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው። ድሃ በነፃ! ለካ የወፎቹ ግቢ፣ ባቡሩ፣ የመስታወቱ ቤት፣ ያ ሁሉ ሳቅ፣ ለእናቱ የድሃ ሕክምና ነበር። በነፃ የምትታከመው ድሃ እኔ ነኝ ማለት ነው። ቀና ብዬ አየሁት። አንዴ እንኳን ዓይኑን አላነሳም። ኮፍያው ገባኝ፣ ጀርባውን ለመንገዱ መስጠቱ ገባኝ፣ «ለእኔ ብሎ አዛወረው» ያልኩት ቀን ገባኝ። ቀኑን ለእኔ ብሎ አላዛወረም። ሰው የማያይበት ቀን ስለሆነ ተመቸው እንጂ!

ደሴቷ ጀርባ ስንደርስ ነፋሱ መታን። ለተሳፋሪ በአፌ ነው መንገር የነበረብኝ። ንዴቱ ነው መሰለኝ፣ የእሱ ፊት ከፊቴ መሆኑ ነው መሰለኝ፣ አፌ ሳይሆን ተረከዜ ቀደመ። ሁለቴ መታሁ።

እሱም ሳያስበው ጠጋ አለ። እንደለመደው፣ ወገቡን አጥፎ፣ ትከሻውን ጣል አድርጎ። እንግዳዋን ገጭቶ «ይቅርታ» አለ። ጀልባዋ ረጋች።

ከኋላዬ እናቱ፣

«ማን ጠጋ በል አለህ?» አሉት።

«ነፋሱ… ነፋሱን አይቼ ነው፣ እማዬ።»

«አፏን አልከፈተችም። እግሯን ስትመታ አይቻለሁ። አንተም እንደተጠራ ሰው ተንቀሳቀስክ። ትተዋወቃላችሁ እንዴ?»

ይኸው መጣ! በሩን ራሳቸው ከፈቱለት። እኔ መቅዘፌን አቆምኩ። ንዴቴ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀዝቅዞ፣ ምን አለ አሁን ቢል፣ ምን አለ አንዲት ቃል ቢተነፍስ እያልኩ አየሁት። ሁሉንም እተውለት ነበር። «እህቴ» ማለቱን፣ ድሃ ማድረጉን፣ ሁሉንም። ከመቅዘፊያው ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

«እኔ?» አለ። «እኔ ከየት አውቃታለሁ? ጀልባ ቀዛፊ እኮ ናት፣ እማዬ።»

እንዳላለቀስኩ እወቁልኝ። ሦስት ሰው ጭኛለሁ፤ በጭነት መሃል አይለቀስም። እሳት ለብሼ፣ እሳት ጎርሼ ቀዘፍኩ። እንደዚያን ቀን ፈጥኜ መሳፈሪያው ደርሼ አላውቅም።

* * *

ጋሽ ፊሽካ እናቱንና እንግዳዋን እጃቸውን ይዘው አወረዱ። እሱ አልተነሳም።

«ውረድ» አልኩት ጥርሴን ነክሼ።

«አልወርድም።»

«ሰው እየጠበቀ ነው።»

«ላናግርሽ፣ ካፒቴን።»

«ካፒቴን? እህትህ ነበርኩ እኮ አሁን! ሥራ ላይ ነኝ፣ ጌታዬ፣ ይውረዱልኝ።»

ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ። ጋሽ ፊሽካም ምን ያድርጉ፣ ቀጣዮቹን ላኩልኝ። አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው ናቸው። እማማ ከእሱ ጎን ተደላድለው ተቀመጡና ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይሄ ደግሞ ከጀልባዋ ጋር ነው የሚሰጠው?» አሉኝ።

እናቱ ከመሳፈሪያው ላይ «ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ? ና ውረድ!» እያሉ ሲጣሩ እኔ ገፍቼ ወጣሁ። ምን ላድርግ? አንገቱን ይዤ አላወርደው።

ትንሽ እንደራቅን «ፈራሁ» አለኝ። ዓይኖቹ ቀልተው እንባ አቅርረዋል። «ሐይቁ ጋ እንሂድ ያለችው እማዬ ናት። እንግዳ ይዛ እንደምትመጣም አልነገረችኝም። መኪና ውስጥ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ ስለ መንገዱ አወራሁ። አንቺን ሳይ ደግሞ ጭራሽ ጠፋሁ፤ ስትጠይቀኝም ካድኩሽ።»

«አንተ ምን ትጠፋለህ! የጠፋሁት እኔ ነኝ። ከነሕይወቴ፣ ፊት ለፊትህ ተቀምጬ!»

«እወድሻለሁ እኮ!»

«እሱንማ ለሽመላው ንገረው!»

ሽማግሌው ጆሯቸው ይከብዳል መሰለኝ «ምን አለ?» አሉ።

«እወዳታለሁ አለ!» ጮሁላቸው እማማ።

«ማንን?»

«ቀዛፊዋን!»

«ታዲያ ምን ያስለቅሰዋል?»

«እናቱ ፊት ክዷታል!»

«ኧረ ይሄ ቆሻሻ!» አሉ ሽማግሌው፣ ደግሞ ከልባቸው።

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እወድቅ ነበር። ያን ቀን ግን ከንፈሬን ነክሼ ቀዘፍኩ። እሱ አሁን ወደ ሁለቱ ዞሮ «እውነት ነው፣ ክጃታለሁ። ግን ከልቤ ነው የምወዳት፣ እናንተ ምስክሬ ናችሁ» ማለት ጀመረ። እማማ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት።

«ልጄ፣ እኛ አልጠየቅንህም እኮ። የጠየቁህ ሴትዮ እዚያ ቆመዋል። ለእኛ መንገር ምን ጀግንነት አለው?»

እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየጨመቀ ሲመለስ አየሁት። እንዳላዝንለት ብዬ ደሴቷን አየሁ። ማዘኑ ግን አልቀረም፣ እሱ ራሱ ሌላ ንዴት ሆነብኝ።

* * *

እናቱ መነጽራቸውን አውልቀው መሳፈሪያው ጫፍ ላይ ቆመው ጠበቁን። እሱ ጣውላው ላይ ሲወጣ አደናቀፈው። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። አውቃታለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ገጠር አልሄድም፣ ከእሷ ጋር ነው የምውለው።»

«ይቺን? ቀዛፊዋን?»

«አዎ። ቀዛፊዋን። እወዳታለሁ።»

ሰልፉ ውስጥ የነበረው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። እናቱ ልጃቸውን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። ስድብ ጠብቄ መቅዘፊያዬን ጥርቅ አድርጌ ያዝኩ።

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሥራ ላይ ነበርኩ፣ እትዬ። ደግሞም የተጠየቅኩት እኔ አልነበርኩም።»

«እውነቱን ልንገርሽ» አሉ። «እኔ ለልጄ አንቺን አልመኝም። ዛሬም አልመኝም፣ ነገም የምመኝ አይመስለኝም። ግን ያወቁትን ሰው አላውቅም ማለት ከእኔ አልተማረውም። በዚህ አፍሬበታለሁ።» ከዚያ ወደ እሱ ሳያዩ ወደ መኪናቸው ሄዱ። እንግዳዋ ከመከተሏ በፊት እጇን ዘርግታ ጨበጠችኝ። «እኔንም ማንም አልጠየቀኝም» አለችኝ ቀስ ብላ። እሷ ምን አደረገች፣ ምስኪን። ደስ የምትል ሴት ነበረች።

እሱ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? እፎይታ! ከባድ ዕቃ እንዳወረደ ሰው ተነፈሰ።

«ይኸው ነገርኳት» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰልፉን በጎን ዓይኑ እያየ፣ «እዚህ ሰው በዛ። ማክሰኞ ተቀምጠን እናወራለን፣ እሺ?»

«ማክሰኞ?» ጮህኩ። «ማክሰኞ!»

ሐይቁ ዳር የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ። ይዙር! ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ አላስታውስም። እህቴ ከሰልፉ ሰዎች ሰምታ በኋላ ነው የነገረችኝ።

«አሁንም ማክሰኞ? አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? እኔ ማማው ላይ ማክሰኞ፣ ወፍጮ ቤቱ ማክሰኞ! ሰው ሲኖር እህትህ፣ ሰው ሲጠፋ ካፒቴንህ! አውቃታለሁ ካልክ እዚህ እወቀኝ፣ በዚህ ሹራብ፣ በዚህ እጅ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት! ካፈርክብኝ ደግሞ እፈርብኝ፣ መብትህ ነው፣ ግን ሰው በማያየን ጊዜ አትሳመኝ! እኔ የማክሰኞ ሴት አይደለሁም!»

አንዲት ሴት ከሰልፉ ውስጥ «እሰይ!» አለች።

«ምን ላድርግ?» አለኝ እሱ።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? እንጃልህ! እኔ ገና መናደዴን አልጨረስኩም።»

«ትጨርሻለሽ?»

«አላውቅም።»

«እጠብቃለሁ።»

«ቁምና ጠብቅ። ማን ከለከለህ!»

ጋሽ ፊሽካ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ለስለስ አድርገው ነፉ። እኔም ቀጣዮቹን ጫንኩ።

ቆመ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቆመ። እኔ እየወጣሁ እየገባሁ፣ እሱ የመሳፈሪያው አጥር ጋ ፀሐይ እየመታው። ኮፍያ አላደረገም ነበር። ሰልፉ ያየዋል፣ ይጠቋቆማል፣ ልጆች መጥተው «ያለቀስከው አንተ ነህ?» ይሉታል። «አዎ» ይላቸዋል። አንድ ሁለቴ ክሊኒኩ ሲታከሙ የሚያውቃቸው ሰዎች ሰላም ብለውት «ምን ትሠራለህ እዚህ?» ሲሉት ሰማሁ። ምን እንደመለሰላቸው ግን ነፋሱ አላሰማኝም።

ሐይቁ ሊዘጋ ሲል ጀልባዬን አስሬ ወጣሁ። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ዋናው በር ይተማል፣ ቤተሰብ በቤተሰብ፣ ፎጣ በትከሻ፣ የተኛ ልጅ በክንድ። አለፍኩት። ጥቂት እንደሄድኩ የእግሩን ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ያም አናደደኝ።

«ከኋላዬ አትምጣ» አልኩት ሳልዞር። «ወይ ከጎኔ ሂድ፣ ወይ ሂድ።»

ከጎኔ መጣ። ትከሻ ለትከሻ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ሄድን። በሩ ጋ ስንደርስ ቦርሳ የያዙ አንዲት ወፍራም ሴትዮ «ዶክተር!» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። እናቱ ሕንፃ ላይ መድኃኒት ቤት ያላቸው፣ የእናቱ የልብ ወዳጅ ናቸው። ቀልቤ ተገፈፈ። እግሬ ወደ ኋላ ሊል ሲል ክንዴን ያዘኝ።

«እትዬ፣ ይተዋወቋት» አለ። ጮክ ብሎ ነው ያለው፣ አላፊው ሁሉ ሰማ። «እዚህ ሐይቅ ላይ ጀልባ ቀዛፊ ናት። እወዳታለሁ። ዛሬ ደግሞ እማዬ ፊት አላውቃትም ብዬ አዋርጃታለሁ። ይቅር ልትለኝ ትችላለች፣ ላትለኝም ትችላለች።»

ሴትዮዋ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እጃቸው በአየር ላይ እንደተዘረጋ ነው፣ ለማን እንደሚሰጡት ጠፋቸው። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ።

«በቃ» አልኩት፣ «ሴትዮዋን አታስጨንቃቸው።» ተቆጥቼ ልለው ነበር፣ ቁጣው ግን መሃል ላይ ተቆረጠብኝ። ቀኑን ሙሉ ውሃ ላይ ያልመጣ እንባ እዚያ በር ላይ፣ በሰው ግፊያ መሃል መጣብኝ። ንዴቴ አልወጣልኝም። ይሄን ስነግራችሁም አልወጣልኝም። ክንዴን እንደያዘኝ ነበር፣ እኔም አላስለቀቅኩትም።